ስለ ፈንዲሻ፤ ፍሬው የሚፈነዳበት ምክንያትና ከጥንት ጀምሮ ያለው ታሪክ

በኢትዮጵያ ቡና ሲፈላ ከዕጣኑ ጢስና ከተጐዘጐዘው ቄጠማ ጋራ ብዙ ጊዜ የማይቀር አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ፈንዲሻ ነው። የቤቱ እመቤት ፍሬውን በምጣድ ወይም በድስት ላይ አድርጋ ትከድነዋለች፤ ጥቂት ቈይቶም ዝናም በቈርቈሮ ላይ ሲወርድ የሚሰማውን የመሰለ ድምፅ ይሰማል። ክዳኑ ሲነሣ፥ ቅድም ጥርስ የሚሰብር ጠጣር ፍሬ የነበረው እንደ ጥጥ ነጥቶ፥ ዕቃውን ሞልቶ ይገኛል። ጨው ተነስንሶበትም ለእንግዳ ይቀርባል። ይህን እያየ ያደገ ልጅ በትምህርት ቤት አስተማሪውን «ይህ ፍሬ ለምን ይፈነዳል? ሌላው በቆሎስ ለምን ቆሎ ብቻ ሆኖ ይቀራል?» ብሎ ቢጠይቅ፥ ተገቢ ጥያቄ ጠይቋል። መልሱ የፊዚክስን፥ የእርሻንና የታሪክን ትምህርት በአንድነት የሚይዝ ነው፤ ደግሞም በእህል አያያዝ ረገድ የሰውን ሕይወት የሚነካ ነገር አለበት።

በቆሎ ሲባል አንድ ዐይነት ብቻ አይደለም። ውስጡ ለስላሳ ሆኖ ለዱቄት የሚስማማ አለ፤ እሸቱ ስኳር ስኳር የሚል አለ፤ ሲደርቅ ዐናቱ ላይ እንደ ፈረስ ጥርስ ጐድጐድ የሚል አለ። የፈንዲሻው ዐይነት ከእነዚህ ተለይቶ ፍሬው ትንሽ፥ ቅርፊቱ ጠንካራና የሚያብረቀርቅ ነው፤ አንዳንዱ እንደ ዕንቍ ክብ፥ አንዳንዱም እንደ ሩዝ ጫፉ ሹል ይሆናል። ስለዚህ ማናቸውም በቆሎ እሳት ከበረታበት ይፈነዳል ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው።

ፍሬው ለሁለት ተሰንጥቆ ቢታይ ሦስት ነገር ይገኝበታል። በውጭ ቅርፊቱ፥ በግርጌው በኩል ቡቃያ የሚሆነው ፅንስ፥ የቀረውን ስፍራ ሁሉ ሞልቶ ደግሞ ለፅንሱ ስንቅ የሆነው ክፍል አለ። በዚህ ስንቅ ውስጥ የሚበዛው ስታርች ይባላል፤ ዱቄት የሚሆነውም እርሱ ነው። ፍሬው ደርቋል ቢባልም ፈጽሞ ውሃ የለበትም ማለት አይደለም፤ በደኅና የተያዘ የፈንዲሻ ፍሬ ከክብደቱ ከመቶው 14 ያህሉ ውሃ ነው። የፍንዳታው ምሥጢር ያለው በዚህች ጥቂት ውሃ ውስጥ ነው።

ውሃ ክዳን በሌለው ድስት ሲጣድ በባሕር ጠረፍ በ100 ዲግሪ ሴንቲግራድ፥ በደጋ አገር ደግሞ ከዚያ ባነሰ ሙቀት ይፈላና እንፋሎቱ ወደ አየር ይሄዳል። በፈንዲሻ ፍሬ ውስጥ ያለው ውሃ ግን መውጫ የለውም፤ ቅርፊቱ እንደ ተዘጋ ዕቃ ሆኖ ያፍነዋል። ሙቀቱ እየጨመረ በሄደ መጠን የእንፋሎቱ ግፊት ይበረታል፤ ስታርቹም በውስጥ ከእርጥበቱ ጋራ እየተዋሐደ እንደ ገንፎ ይለሰልሳል። ሙቀቱ 180 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ በውስጥ ያለው ግፊት የውጭው አየር ግፊት ዘጠኝ እጥፍ ያህል ይሆናል። በዚያን ጊዜ ቅርፊቱ መቻል ተስኖት ይቀደዳል፤ እንፋሎቱም በአንድ ጊዜ ሲያመልጥ የለሰለሰውን ስታርች እንደ አረፋ ነፍቶ ወደ ውጭ ይገለብጠዋል። አረፋው ወዲያው ቀዝቅዞ ይደርቃል። በምጣድ ላይ የሚታየው ነጭ አበባ እንግዲህ የፍሬው ሆድ ወደ ውጭ ተገልብጦ ነው። የአንድ ፍሬ መጠን በዚህ ጊዜ እስከ 40 እጥፍ ሊያድግ ይችላል፤ ክብደቱ ግን በመጨመር ፈንታ ይቀንሳል፤ ውሃው በእንፋሎት ሄዷልና።

በ2015 ኢማኑኤል ቪሮና አሌክሳንደር ፖኖማሬንኮ የተባሉ ሁለት መርማሪዎች በፈረንሳይ አገር ይህን ነገር እጅግ ፈጣን በሆነ የፎቶግራፍ መሣሪያ ተከታትለው ጽፈዋል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) ሙቀቱ 170 ዲግሪ ሲሆን ከመቶው ፍሬ 34ቱ ብቻ ፈነዳ፤ ወደ 180 ዲግሪ ሲደርስ ግን 96ቱ ፈነዳ። ከዚህ የተነሣ ባለሙያዋ እመቤት ምጣዱ ሳይግል ፍሬውን የማትጨምርበት ልማድ ምክንያት እንዳለው ይታወቃል፤ በደካማ እሳት ላይ የቈየ ፍሬ እንፋሎቱን በጫፉ በኩል ቀስ እያለ አውጥቶ ሳይፈነዳ ይቀራል። እሳቱ ከመጠን በላይ ሲበረታ ደግሞ ቅርፊቱ የሚቀደደው ውስጡ በደንብ ሳይለሰልስ ስለ ሆነ አበባው ትንሽና ልቡ ጠጣር ይሆናል። እነዚሁ መርማሪዎች ሌላም ነገር አስረድተዋል። «ጧ» የሚለው ድምፅ የሚሰማው ቅርፊቱ ስለ ተቀደደ ወይም ፍሬው ከምጣዱ ጋራ ስለ ተጋጨ አይደለም፤ ታፍኖ የነበረው እንፋሎት ሲለቀቅ ነው። ፍሬው የሚዘለውም መጀመሪያ የወጣው የስታርች ጕጥ እንደ እግር ሆኖ ምጣዱን ሲገፋ ነው።

ተራው በቆሎ የማይፈነዳበት ምክንያት ከዚህ በኋላ ለማስረዳት ቀላል ነው። ቅርፊቱ እንፋሎቱን አጥብቆ ስለማይዝ ግፊቱ ሳይከማች ይወጣል፤ ፍሬው ይጠበሳል እንጂ አይገለበጥም። እንደዚሁም የፈንዲሻው ፍሬ ራሱ ቅርፊቱ በመውቃት ጊዜ ተሰንጥቆ ከሆነ ወይም በፀሓይ ላይ ብዙ ቀን ቈይቶ ውሃውን ከጨረሰ ኀይሉን ያጣል። ብዙ ሰዎች እንዲህ ያለውን ፍሬ «አርጅቷል» ብለው ለዶሮ ይሰጡታል። ዳሩ ግን ከመጠን በላይ የደረቀው ብዙ ጊዜ ሊመለስ ይችላል። አንድ ሊትር በሚይዝ ጠርሙስ ውስጥ ሦስት እጁን ፍሬ አድርጎ፥ አንድ የሾርባ ማንኪያ ውሃ ጨምሮ፥ አፉን ገጥሞ በየጊዜው እየነቀነቁ ጥቂት ቀን ማቈየት ነው። ውሃው ቀስ እያለ ወደ ፍሬው ይገባል። ቅርፊቱ የተሰነጠቀውን ግን የሚያድነው ነገር የለም።

በቆሎ የተገኘው ከሜክሲኮ አገር ነው። በደቡብ ምዕራብ ሜክሲኮ፥ በባልሳስ ወንዝ ሸለቆ፥ ቴዎሲንቴ የሚባል የዱር ሣር ይበቅላል። ይህ ሣር በቆሎን አይመስልም፤ ራሱ ከጣት ያነሰ ሆኖ በላዩ ያለው ፍሬ አምስት ወይም ዐሥር ያህል ብቻ ነው፤ እያንዳንዱም ፍሬ እንደ ድንጋይ በጠነከረ ልባስ ውስጥ የተዘጋ ነው። የዚያ አገር ሰዎች ከ9 ሺህ ዓመት ገደማ ጀምሮ ከዚህ ሣር የተሻለውን እየመረጡና መልሰው እየዘሩ ዛሬ የሚታወቀውን በቆሎ አወጡ። ስማቸው አልተጻፈም፤ ነገር ግን እህልን በማሻሻል ረገድ ከዚህ የበለጠ ሥራ የሠራ ሕዝብ ማግኘት ያስቸግራል።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ወፍጮ እንኳ የሚያስቸግረውን ጠጣር ፍሬ ሰው መጀመሪያ ለምን ወደደው? በኋላ በ1958 የኖቤል ሽልማት ያገኘው አሜሪቃዊው ሊቅ ጆርጅ ቢድል በ1939 አንድ ነገር ሞክሮ ነበር። የቴዎሲንቴን ፍሬ በእሳት ላይ ሲያደርገው እንደ ፈንዲሻ ፈነዳ፤ የማይደፈረው ልባስም ተሰብሮ የሚበላው ነገር ወጣ። ስለዚህ የጥንት ሰዎች ይህን ሣር መብላት የጀመሩት በማፈንዳት ሊሆን ይችላል ሲል ጻፈ። ይህ ግምት ነው፤ ቢሆንም ፈንዲሻ ከበቆሎ ምግቦች መካከል የመጨረሻው ፈጠራ ሳይሆን ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ሊሆን እንደሚችል ያመለክታል።

ከግምት አልፎ በእጅ የተያዘ ምስክርም አለ። በፔሩ ሰሜናዊ ጠረፍ ፓሬዶኔስና ዋካ ፕሪየታ በሚባሉ ጥንታዊ ስፍራዎች የተቈፈሩ የበቆሎ ቆረቆንዳዎችና ልባሶች ተመርምረው በ2012 ታሪካቸው ታትሟል፤ ከሁሉ የቀደሙት 6,700 ዓመት ያህል ሆኗቸዋል፤ በዚያም የነበሩ ሰዎች በቆሎን ያፈነዱ እንደ ነበር ታውቋል። የሚያስደንቀው በዚያ ዘመን እነዚህ ሰዎች ገና የሸክላ ዕቃ አልነበራቸውም። ድስት ሳይኖር ፈንዲሻ ነበረ ማለት ነው። በኒው ሜክሲኮም «የሌሊት ወፍ ዋሻ» በሚባል ስፍራ በ1948 ቍፋሮ የጀመሩ ሰዎች ከትቢያው ውስጥ እጅግ ትናንሽ የበቆሎ ራሶችና የፈነዱ ፍሬዎች አግኝተዋል።

እስፓኞች ወደ ሜክሲኮ በደረሱ ጊዜ አዝቴክ የሚባለው ሕዝብ ፈንዲሻን «ሞሞቺትል» ብሎ ይጠራው ነበር። በ1529 ወደዚያ የሄደው መነኵሴ በርናርዲኖ ዴ ሳአጉን የአገሩን ሰዎች ሥርዐት እየጠየቀ ጽፏል። በእርሱ ጽሑፍ እንደሚነበበው፥ ሴቶች ልጆች ፈንዲሻ እንደ አበባ ጉንጉን አድርገው በራሳቸው ላይ ደፍተው በበዓል ቀን ይዘፍኑ ነበር፤ ለውሃ አምላካቸውም ፈንዲሻ ይበትኑ ነበር፤ ይህንም በረዶ ነው ይሉት ነበር። ነጭ ሆኖ ከላይ ሲበተን በረዶ መምሰሉ እውነት ነው። በፔሩም በርናቤ ኮቦ የተባለ ሌላ ካህን በ1653 ሲጽፍ፥ ሰዎቹ አንድ ዐይነት በቆሎ እስኪፈነዳ ቆልተው «ፒሳንካያ» ብለው እንደሚበሉት አመልክቷል። በዚያው አገር የማይፈነዳውን በቆሎ ቆልቶ በጨው መብላትም እስከ ዛሬ አለ፤ ስሙ «ካንቻ» ነው። ኢትዮጵያዊ ቢቀምሰው ያለ አስተርጓሚ «ይህስ ቆሎ ነው» ማለቱ አይቀርም።

ኮሎምቦስ በ1492 ወደ አሜሪቃ ደሴቶች ከደረሰ በኋላ በቆሎ በመርከብ ወደ እስፓኝ መጣ፤ ከዚያም በጥቂት ዘመን ውስጥ ወደ ኢጣልያ፥ ወደ አፍሪቃና ወደ እስያ ተሠራጨ። ከባሕር ማዶ የመጣ መሆኑ በስሙ ተጽፎ ቀርቷል፤ በኢትዮጵያ በአንዳንድ ስፍራ «የባሕር ማሽላ» ይባላል። ወደዚህ አገር የደረሰው በ16ኛው ወይም በ17ኛው መቶ ዓመት እንደ ሆነ ሊቃውንት ይገምታሉ። ዛሬ በኢትዮጵያ በየዓመቱ ከሚመረተው እህል ሁሉ በብዛቱ ቀዳሚው በቆሎ ነው። በቡና ረከቦት አጠገብ እንግዲህ ሁለት ሩቅ አገሮች ይገናኛሉ፤ በሲኒው ውስጥ ያለው ከኢትዮጵያ ደቡብ ምዕራብ ደን ወጥቶ ዓለምን ያዳረሰ ነው፤ በሰፌዱ ላይ ያለው ከሜክሲኮ ሸለቆ ወጥቶ የመጣ ነው።

ዳሩ ግን በቆሎው ባሕር ሲሻገር አንድ ነገር ትተውት መጡ። ይህ ለአስተማሪም ለሽማግሌም ሊታወቅ የሚገባ ነው። የሜክሲኮ ሰዎች ለዕለት እንጀራቸው የሚሆነውን በቆሎ ሁልጊዜ በኖራ ወይም በአመድ ውሃ ቀቅለው፥ አጥበውና ቅርፊቱን አውጥተው ይፈጩት ነበር፤ ይህም ሥራ «ኒሽታማል» ይባላል። ወደ አውሮፓ የወሰዱት ሰዎች ፍሬውን ወሰዱ፥ ይህን ልማድ ግን የድኾች ሞኝነት መስሏቸው ይሁን ወይም ሳያዩት ቀርተው፥ አልወሰዱም። ከዚህ በኋላ በቆሎ ብቻ በሚበሉ ድኾች ላይ አዲስ ሕማም ወጣ። ቈዳቸው በፀሓይ የተቃጠለ ይመስል ይቀላና ይሻክራል፤ ተቅማጥ ይይዛቸዋል፤ በመጨረሻም አእምሯቸው ይናወጣል። ጋስፓር ካሳል የተባለ ሐኪም በ1735 በእስፓኝ አገር አየው፤ በኢጣልያም በ1771 «ፔላግራ» የሚል ስም ወጣለት፤ ሻካራ ቈዳ ማለት ነው።

ሕማሙ የበቆሎን መንገድ ተከትሎ በመጨረሻ ወደ አሜሪቃ ራሷ ተመለሰ። ከ1906 እስከ 1940 ባለው ጊዜ በአሜሪቃ ደቡባዊ ክፍል ወደ 3 ሚሊዮን ሰዎች እንደ ታመሙና ወደ 100 ሺህ ሰዎች እንደ ሞቱ ይገመታል። ብዙዎች ሐኪሞች ተላላፊ በሽታ ነው ይሉ ነበር። በ1914 ነገሩን እንዲመረምር የታዘዘው ሐኪም ጆሴፍ ጎልድበርገር ግን በየሕፃናት ማሳደጊያውና በየሆስፒታሉ ሲዞር አንድ ነገር አስተዋለ፤ ሕሙማኑን የሚጠብቁት ሠራተኞች አይታመሙም። ልዩነቱ በማዕዱ ላይ ነበር። ወተት፥ ሥጋና ባቄላ ሲጨመር ሕማሙ ጠፋ። የሚጐድለው ነገር ኒያሲን የሚባለው ቪታሚን መሆኑ የታወቀው ግን እርሱ በ1929 ከሞተ በኋላ በ1937 ነው። በበቆሎ ውስጥ ይህ ቪታሚን ታስሮ ስለሚገኝ ሰውነት አያገኘውም፤ የኖራው ውሃ ይፈታዋል። የሜክሲኮ እናቶች ምክንያቱን በመጽሐፍ ሳይጽፉ ሥራውን በእጃቸው ያውቁት ነበር።

ፈንዲሻ በኖራ የሚታጠብ እህል አይደለም። ስለዚህ ለቡና ቍርስ መልካም ነው፤ ለልጅ ግን ምሳ ሊሆን አይችልም። በብዙ ቤት በቆሎውን ከባቄላ ጋራ ቀቅሎ ንፍሮ ማድረግ የተለመደ ነው፤ ይህ ልማድ እጅግ የሚመሰገን ነው፤ በቆሎው የሚጐድለውን ባቄላው ይሞላለታልና። በችግር ዘመን ግን ከማዕዱ ላይ በመጀመሪያ የሚጐድለው ባቄላው ነው።

የፈንዲሻ የገበያ ታሪክ የሚጀምረው በሰሜን አሜሪቃ ነው። በዚያ አገር ልጆች የሚነገራቸው አንድ ተረት አለ፤ በ1621 በፕሊመዝ ለእንግሊዝ ስደተኞች በተደረገው ግብዣ የአገሩ ተወላጆች ፈንዲሻ ይዘው መጡ ይባላል። ይህ ግን ምስክር የለውም፤ በዚያ ዘመን የተጻፈው ወሬ አያነሣውም። እውነተኛው ታሪክ ከዚህ በኋላ ነው፤ በ19ኛው መቶ ዓመት ፈንዲሻ በየገጠሩ እየተለመደ ሄደ፤ ሰዎችም በሽቦ በተሠራ ቅርጫት አድርገው በእሳት ላይ እየነቀነቁ ያፈነዱት ነበር። ቅቤውና ጨው በኋላ ሲጨመር ግን እኩል አይዳረስም ነበር።

ቻርልስ ክሬተርስ የተባለ የቺካጎ ነጋዴ ኦቾሎኒ የሚቆላበት መኪና ሲያሻሽል ቈይቶ በእንፋሎት ኀይል የሚሠራ የፈንዲሻ መኪና አወጣ፤ በ1893 በቺካጎ ከተማ በተደረገው የዓለም ኤግዚቢሽንም ለሕዝብ አሳየው። ፍሬው ከነቅመሙ በዘይት ውስጥ ስለሚፈነዳ ጣዕሙ እኩል ሆነ። መኪናው በጋሪ ላይ የሚገፋ ስለ ነበር ሻጩ ሰው ወደ ተሰበሰበበት ሁሉ ይዞት ይሄድ ነበር። ኤግዚቢሽን፥ ሰርከስ፥ የመንገድ ዳር፥ በኋላም የሲኒማ ቤት ደጅ የፈንዲሻ ገበያ ሆነ።

የሲኒማ ቤት ባለቤቶች ግን በመጀመሪያ አይወዱትም ነበር። ፊልሙ ድምፅ የሌለው በነበረበት ዘመን ሲኒማ ቤቱ እንደ ቴአትር ቤት ምንጣፍ የተነጠፈበትና ጸጥታ የሚጠበቅበት ስፍራ ነበር፤ የሚያኝክ ሰው ጎረቤቱን ያውካል፥ ወለሉንም ያቆሽሻል ይሉ ነበር። በ1927 ተናጋሪ ፊልም ከመጣ በኋላ የማኘኩ ድምፅ ተሸፈነ፤ ማንበብ የማይችለውም ሰው ወደ ሲኒማ ይገባ ጀመር። ከ1929 በኋላ ታላቁ የገንዘብ ችግር ሲወርድ ደግሞ አምስት ወይም ዐሥር ሳንቲም የሚሸጠው ፈንዲሻ ድኻው ሊገዛው የሚችለው ቅንጦት ሆነ። ደጃቸው ላይ ይሸጥ የነበረውን ያባርሩ የነበሩት ባለቤቶች ራሳቸው ወደ ውስጥ አስገብተው መሸጥ ጀመሩ፤ አንዳንዶቹም ከኪሳራ የዳኑት በእርሱ ነው። በ1942 በጦርነቱ ምክንያት ስኳር በመጠን ሲሰጥ ከረሜላ ጠፋ፤ ፈንዲሻ ግን ስኳር አይፈልግምና በጦርነቱ ዘመን የሚበላው መጠን ወደ ሦስት እጥፍ አደገ ይባላል።

ከዚያ ወዲህ ያለው አጭር ነው። በ1945 ፐርሲ ስፔንሰር የተባለ የራዳር ባለሙያ በኪሱ የነበረው ቸኮላት በመሣሪያው አጠገብ ሲቀልጥ አይቶ፥ የፈንዲሻ ፍሬ አምጥቶ ቢሞክር እየዘለለ ፈነዳ ይባላል፤ ማይክሮዌቭ የሚባለው ምድጃ ከዚህ ወጣ። በ1965 ኦርቪል ሬደንባከርና ቻርልስ ቦውማን ከቀድሞው ይልቅ አብልጦ የሚነፋ ዘር አዳቀሉ። ይህ ሁሉ ያለ ጉዳት አልሆነም። በ2000 በሚዙሪ ግዛት በማይክሮዌቭ ፈንዲሻ ፋብሪካ ሠርተው የነበሩ ስምንት ሰዎች የማይድን የሳምባ ሕማም እንደ ያዛቸው ታወቀ፤ ምክንያቱም ፈንዲሻው ሳይሆን የቅቤ ሽታ እንዲሰጥ የሚጨመርበት ዲያሴቲል የተባለ ቅመም በሙቀት ሲተን መተንፈሳቸው ነበር።

በገጠር ግን ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈራው ሻጋታ ነው። በቆሎ በደንብ ሳይደርቅ ወደ ጐተራ የገባ እንደ ሆነ ሻጋታ ያወጣል፤ ከሻጋታውም አንዳንዱ አፍላቶክሲን የሚባል ጉበትን የሚያጠፋ መርዝ ይተዋል። በ2004 በጎረቤት አገር በኬንያ ምሥራቃዊ ክፍል እርጥብ ሆኖ የተከማቸ በቆሎ የበሉ 317 ሰዎች ታመሙ፤ ከእነርሱም 125 ሰዎች ሞቱ። አንዳንድ ሰዎች የሻገተውን ፍሬ እሳት ያነጻዋል ብለው ይቆሉታል ወይም ያፈነዱታል። ይህ አሳብ አደገኛ ነው፤ እሳት ሻጋታውን ይገድላል፥ መርዙን ግን ሊቀንሰው ቢችልም አያጠፋውም። የሻገተ በቆሎ ለልጅ አይሰጥም፤ ለላም ተሰጥቶ እንደ ሆነም መርዙ በወተቷ በኩል ተመልሶ ይመጣል።

እህሉ መድረቁን ለማወቅ መሣሪያ የሌለው ገበሬ በጨው ሊፈትነው ይችላል። ደረቅ ጠርሙስ ውስጥ ደረቅ ጨውና አንድ እፍኝ ወይም ሁለት እፍኝ ፍሬ አድርጎ፥ ገጥሞ፥ በደንብ ነቅንቆ ሩብ ሰዓት ያህል ያቈየዋል። ጨው ከጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ እህሉ ገና እርጥብ ነው፥ ወደ ጐተራ አይግባ፤ ጨው ሳይጣበቅ ወደ ታች ከወረደ ከመቶው ከ15 ያነሰ ውሃ ነው ያለው። ፈንዲሻ የሚዘራ ሰውም ራሱን ከአገዳው ላይ በደንብ እስኪደርቅ መተው፥ ሲፈለፍልም በዱላ ሳይወቃ በእጅ መፈልፈል ይሻለዋል። ከተራ በቆሎ እርሻ አርቆ ይዝራ፤ የሌላው በቆሎ የአበባ ብናኝ በነፋስ መጥቶ ካረፈበት የሚያፈራው ፍሬ የመፈንዳት ኀይሉ ይቀንሳል፤ ያንኑ መልሶ ለዘር ቢያደርገው ደግሞ ነገሩ እየባሰ ይሄዳል። ሌላም ጥንቃቄ አለ፤ አራት ዓመት ያልሞላው ሕፃን ፈንዲሻ ሊሰጠው አይገባም፤ ፍሬው ወይም ቅርፊቱ ወደ አየር ቧንቧው ገብቶ ሊያንቀው ይችላልና።

አስተማሪው ይህን ትምህርት በክፍል ውስጥ ለማሳየት የሚያስፈልገው ስድሳ የፈንዲሻ ፍሬ፥ መርፌ፥ ምጣድና ክዳን ብቻ ነው። ስድሳውን በሦስት ይከፍለዋል። የመጀመሪያውን ሃያ እንዳለ ይተወዋል። የሁለተኛውን ሃያ ቅርፊት አንድ በአንድ በመርፌ ይበሳዋል፤ ይህ ትዕግሥት ይፈልጋል፥ የፍሬው ቅርፊት ምን ያህል ጠንካራ እንደ ሆነ ተማሮቹ በእጃቸው የሚያውቁትም ያን ጊዜ ነው። ሦስተኛውን ሃያ ሳምንት ያህል በብርቱ ፀሓይ ላይ አስጥቶ ያደርቀዋል። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን ክፍል ለየብቻው፥ በተመሳሳይ እሳትና በተመሳሳይ ጊዜ ያፈነዳል፤ የፈነዳውንና ሳይፈነዳ የቀረውን ቈጥሮ በጥቍር ሰሌዳ ላይ ይጽፋል። ከመጀመሪያው ክፍል አብዛኛው ይፈነዳል፤ ከተበሳው ጥቂቱ ብቻ፥ እርሱም አበባው ትንሽ ሆኖ ይገኛል፤ ከደረቀው የሚቀረው ቍጥር እንደ ፀሓዩ ብርታት ይለያያል። ውጤቱ በየትምህርት ቤቱ አንድ ዐይነት ስለማይሆን አስተማሪው የተቈጠረውን ቍጥር እንዳለ ይጻፈው እንጂ ከዚህ ጽሑፍ ጋራ እንዲስማማ አያርመው። ተማሮቹም ሁሉ ከየክፍሉ ስንት ፍሬ እንደሚፈነዳ አስቀድመው ይገምቱ፤ ግምታቸውም ከስማቸው ጋራ በሰሌዳው ላይ ከተጻፈ በኋላ ምጣዱ ይጣድ።